ሥራ ፈላጊም ይጨመርልን

ማክሰኞ ጠዋት ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ፣ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ከኋላዬ ደረሱ። ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ለልጄ አባት ሆነውላታል።

«ተማሪዋ! ሰሌዳውን በጣትሽ ልትበሺው ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ረቂቅ ሕግ ነው፣ ጋሼ። አሠሪም ሆነ መድን ሰጪ በዘረመል ምርመራ ውጤት ሰውን እንዳይገፋ የሚከለክል። ዓርብ በአዳራሹ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላሉ። እኔም እናገራለሁ።»

ሳቃቸው ጠፋ። «ምን ብለሽ?»

ምን እንደምል ያውቁታል። ባለፈው ወር ልጄ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መቀጠሪያ ቅጽ ይዛ መጣች። እኔም መጻፍ መቻሌ አኩርቶኝ «አምጪው፣ ልሙላልሽ» አልኩ። አስተማሪያችን ባዶ መስመር አትተዉ ትለናለች፤ አንድም አልተውኩም። «በቤተሰብ ያለ በሽታ» በሚለው ላይ አባቷ በዘር በሚወርድ የልብ ሕመም መሞቱን፣ እሷም ተመርምራ ዘረመሉ እንደተገኘባት አሳምሬ ጻፍኩ። እሷም አምናኝ ሳታየው አስገባችው። ልጄ ጤነኛ ናት፤ ደረጃ የምትወጣው በሩጫ ነው። ፋብሪካው ግን መለሳት። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። እንግዲህ እናቶች የሆናችሁ ፍረዱኝ፤ ብትቆጣኝ አይሻልም ነበር?

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌላ ቦታ ስታመለክት ‹የለም› ብለሽ መሙላት ነው።»

«ውሸት ላስተምራት?»

«ታዲያ ሕግ የትልልቆች ነው። እኔና አንቺ ብንጮህ ማን ዞር ብሎ ያየናል?»

«እስቲ ይህን ያንብቡልኝ። ማንን ነው የሚጠብቀው? ‹ሠራተኛ› ይላል። የእኔ ልጅ ሠራተኛ ናት? ከበር ነው የተመለሰችው! ያረቀቁት ሰዎች ልጃቸው ከበር አልተመለሰችባቸውም። እኛ ካልነገርናቸው ከየት ያውቁታል?»

መነጽራቸውን ጠርገው ተጠጉ። የተከፈተ ሰዓት የሚያዩትም እንዲሁ ነው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው።

«እውነትም አንድ ጥርስ ጎድሎታል» አሉ። «እንዲህ ሆኖ አይዞርም።»

«እርስዎስ ለምን አልተመረመሩም? የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። «ቢገኝብኝ ልጆቼን ማን ይቀጥራቸዋል? ሦስት ናቸው።»

«ባሌም ይህንኑ ፈርቶ ነው ሐኪም ዘንድ ያልሄደው። ቀድሞ ቢታወቅ መድኃኒት ነበረው አለችኝ ልጄን የመረመረችው ዶክተር። ጋሼ፣ ሕጉ ሲኖር ሰው ሳይፈራ ይመረመራል።»

«ከተማርሽ ወዲህ ነገረኛ ሆነሻል።»

«ድሮም ነበርኩ፤ አሁን ማስረጃ አገኘሁ እንጂ።»

ዓርብ ተራዬ ሲደርስ ከጻፍኩት ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት መስመር አንብቤ ሦስተኛው ጠፋኝ። ይሄኔ ጋሼ ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የሟቹ ወንድም ነኝ፤ ያው ደም አለኝ» አሉ። «እስከ ዛሬ ሐኪም የፈራሁት ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለልጆቼ ሥራ ነው። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ሥራ ሳትጀምር ተባረረች። ሥራ ፈላጊም ይጨመርልን።»

ከኋላ አንድ ሾፌር ተነሣ፤ እናቱ የምትታመመውን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ቀጥላ አንዲት አናጢ። የስብሰባው ጸሐፊ ጽፎ መድረስ አቃተው፤ «ቀስ በሉ፣ አንድ በአንድ» ይለን ጀመር።

ሕጉ ከአምስት ወር በኋላ ሲወጣ «ሥራ ፈላጊ» ገብቶበታል። ፋብሪካው ያንን ጥያቄ ከቅጹ አወጣ፤ ልጄም ዳግም አመልክታ ተቀጠረች። ሕግን አዋቂዎች ያረቁታል፤ የጎደለውን የሚያውቀው ግን የጎደለበት ነው።

ጋሼ ተመረመሩ፤ ዘረመሉ አለባቸው። በየጠዋቱ አንዲት ክኒን ይውጣሉ፤ ሦስቱንም ልጆቻቸውን እየጎተቱ አስመርምረዋል። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት አብሬያቸው ተራ ስጠብቅ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠ ለማያውቁት ሰው የቤተሰባችንን የልብ ሕመም ታሪክ ከአያት ጀምረው ጮክ ብለው ሲተርኩለት፣ «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ!» ያልኩት እኔው ነኝ።