ያበጠው የከንቲባው ጉንጭ

— ሄሎ! ክቡራትና ክቡራን፣ ቤተሰባችንን ያለ ዕረፍት ሲያገለግል የኖረው የሳሎን ማራገቢያ፣ ባደረበት የሞተር ሕመም ዛሬ እሁድ ከምሳ በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን ስንገልጽ ጥልቅ ሐዘን ይሰማናል። እህቴ ዶራይ፣ ለቅሶ ስትደርሺ እግረ መንገድሽን አዲስ ማራገቢያ…

— …ማን ልበል?

— ኒኖንግ ቴዮ! ውይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ… እህቴ መስላኝ ነው፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምትደውለው… አይ፣ ማንም አልሞተም። ማራገቢያው ነው። … አዎ፣ ማራገቢያ። … እየቀለድኩ አይደለም።

— ግሌንዳ፣ ሬዲዮውን ቀንሺው! ኒኖንግ ናቸው! … ስንት ኒኖንግ፣ ስንት የሠርግ አባት አለን? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናቸው እንጂ!

— አቤት ኒኖንግ። ባለቤቴ ናት፣ ሰላም እያለችዎት ነው። … እየሰማሁ ነው። … የምን ወረቀት?

— አ… እሱ ወረቀት።

— አርብ ነው ያስገባሁት። አዎ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ክፍል። ‘ማንኛውም ነዋሪ ሰነድ መጠየቅ ይችላል’ የሚል በሩ ላይ ተለጥፎ… አዎ፣ ለጌጥ እንደተለጠፈ አሁን ገባኝ። … ግን እርስዎ እንዴት ሰሙ? … ዶሮ ፍልሚያው ላይ? የከንቲባው ጸሐፊ ራሱ? … ዶሮዎ እየተዋጋ እያለ! … አሸነፈ? … ነፍሱን ይማር።

— እኔን እኮ ‘መልሱ በአሥራ አምስት ቀን ይደርስሃል’ ነው ያሉኝ፤ ከዶሮ ፍልሚያ ይመጣል ያለኝ የለም… አይ፣ አላፌዝኩም። ስፈራ እንዲህ ያደርገኛል፣ ያውቁኛል አይደል?

— የእርስዎን ስም? እኔ? … ኧረ በጭራሽ! የት ላይ ነው የጻ…

— ኦ።

— ኒኖንግ፣ ቅጹ ‘ጠባይዎን የሚያውቅ ሰው’ የሚል መስመር ነበረው። ሥራ ስገባም፣ ቤት ስከራይም፣ ሞተር በዱቤ ስወስድም እዚያ ላይ የምጽፈው እርስዎን ነው! እጄ ለምዶ ነው እንጂ… ገባኝ። እርስዎ ያስጠየቁኝ መስሏቸዋል። … ገባኝ ኒኖንግ። ከንቲባው ፊት አቆምኩዎት።

— ስማቸውን ጽፌዋለሁ፣ ግሌንዳ! … ግንባርሽን አትምቺ፣ ይሰማል!

— ሄሎ? ይሰሙኛል? … የግንቡን የምርመራ ውጤት ብቻ ነው የጠየቅኩት። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጀርባ ያለውን፣ አምና መሐንዲሶቹ መጥተው የመረመሩትን። ማንንም አልከሰስኩም! ቆንጆ ግንብ ነው። የከንቲባው ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር ሲሰቀልበት ደግሞ… ማን ነው አብጧል ያለው? እኔ ያልኩት ‘የከንቲባው ጉንጭ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየሞላ ነው፣ ተመችቷቸዋል መሰለኝ’ ነው። ‘ከኋላ ግንቡ እየገፋቸው ነው’ ያለው ፀጉር አስተካካዩ ነው።

— ግሌንዳ? ግሌንዳ ለማንም ምንም አላለችም! እሷ ሕፃናት ታዘፍናለች፣ ንፍጥ ትጠርጋለች፣ አለቀ። … አውቃለሁ፣ ኮንትራት ነች። … ኮንትራቷን የሚያድሰው ማዘጋጃ ቤቱ መሆኑንም አውቃለሁ። … በሚቀጥለው ወር፣ አዎ። … ኒኖንግ፣ በእግዚአብሔር፣ እሷን ከዚህ ያውጧት።

— ምንም አላሉም፣ ግሌንዳ። ሰላም ብለውሻል።

— ኒኖንግ፣ አንዴ… ያ ሞተር እኛ በር ላይ ነው የቆመው? ግሌንዳ፣ እዪ እስቲ። … ስንት ናቸው? … ሁለት? ሄልሜት አድርገዋል? … ከመስኮቱ ዞር በይ! ዞር በይ አልኩሽ! መጋረጃውን! … ኒኖንግ፣ ሁለት ሰዎች በሞተር መጥተው በራችን ላይ… ፊታቸው አይታይም… ኒኖንግ፣ እባክዎን፣ ከንቲባው ሰው ልከውብኛል እንዴ?

— …ሩዝ?

— የእርስዎ ልጆች ናቸው? … ሩዝ ይዘው? … ተመስገን። ተመስገን… አይ፣ ደህና ነኝ። ቁጭ ብያለሁ። ወለሉ ላይ ነኝ። … ሙሉ ጆንያ!

— …ኒኖንግ፣ ሩዝ የሚታደለው ለምርጫ ነው፤ ዘንድሮ እኮ ምርጫ የለም።

— እሺ። እሺ፣ አልጨቃጨቅም። … ‘የተፈለገበት ምክንያት’ የሚለውን ባዶ የተውኩት ከሥሩ ‘አያስገድድም’ ስለሚል ነው። … እሺ፣ እርስዎ ካሉ ያስገድዳል። ማብራሪያ እጽፋለሁ። ዛሬውኑ። … ግሌንዳ፣ እስክሪብቶ! … ይንገሩኝ። ‘እኔ ሬናንቴ፣ ከላይ የተጠቀሰውን ሰነድ የጠየቅኩት… ለግንቡ ካለኝ አድናቆት የተነሳ’… አይበዛም? … እሺ፣ አይበዛም። ‘እንዲሁም የከንቲባችንን ሥራ ለልጆቼ ለማሳየት’… ልጅ የለኝም፣ ኒኖንግ። … ‘ወደፊት ለሚወለዱት።’ እሺ።

— ቆይ ግሌንዳ፣ እያጻፉኝ ነው። … ምን? … ጮክ በይ… አይ፣ ቀስ በይ! … ኢኮይ? ከመቼ ጀምሮ?

— ሄሎ… አለሁ። … መስመሩ ደህና ነው። ኒኖንግ፣ የልጅ ልጅዎ፣ ኢኮይ… ደህና ነው? … አይ፣ ግሌንዳ ናፍቋት ነው። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ክፍሏ መጥቶ አያውቅም ትላለች። … ጉንፋን። … ይሄን ሁሉ ጊዜ ጉንፋን?

— ኒኖንግ፣ ግቢዎ ውስጥ ዩኒፎርሙ ታጥቦ ተሰቅሎ አይታዋለች። ሰማያዊ ነው አለች። የኛ ሕፃናት ቢጫ ነው የሚለብሱት። ሰማያዊ የሚለብሱት ከዳገቱ ማዶ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ናቸው።

— እርስዎ ነዎት ያዛወሩት?



— ኒኖንግ፣ የሩዙን ነገር ይተዉትና ይመልሱልኝ።

— የግንቡን ውጤት አይተውታል ማለት ነው።

— …መቼ? … ባነሩ ሳይሰቀል በፊት?

— አልጮህኩም።

— ግሌንዳ፣ ሩዙን አታስገቢው። … ይመልሱት በያቸው። … እየዘነበ እንደሆነማ ይሰማኛል! ለዚህ እኮ ነው! ለወላጆቹ ደውይ፣ ለሁሉም። ነገ ማንም ልጅ እንዳይመጣ። አንቺም አትከፍቺም። … ኮንትራቱን ተይው! ግሌንዳ፣ እየለመንኩሽ ነው፣ ተይውና ደውይ!

— አቤት። አለሁ። … ማብራሪያው? ቀድጄዋለሁ። … ጥያቄዬን አላነሳም፤ አሥራ አምስት ቀን ብለዋል፣ እጠብቃለሁ። … አዎ፣ እፈራለሁ! በጣም ነው የምፈራው፣ ወለሉ ላይ ነኝ አልኩዎት እኮ። … ስምዎን ይሰርዙት ኒኖንግ፣ አልቀየምም። ጠባዬን የሚያውቅ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

— ከንቲባው ‘ለምን ፈለገው?’ ካሉ?

— ‘ምክንያት’ የሚለው ባዶ ነው ይበሏቸው።

— …አይ፣ ለእርስዎም አልናገርም።

— አላብራራም፣ ኒኖንግ። ልዘጋው ነው። … አላብራራም።