ሰሌዳው ላይ የቀረው ባጅ

እኛ ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ እሳት ሲነሳ አለቃ ያልሆነ ሰው አልነበረም። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። እኔ የእሳት አደጋ መኪና ስነዳ ነው ያረጀሁት፣ ታውቃላችሁ፣ እና እዚህ አቃቂ እሳት ተነሳ ተብለን ስንደርስ መጀመሪያ የሚያስቸግረን እሳቱ አይደለም፣ አዛዡ ነው። ባለሱቁ ያዛል፣ የባጃጁ ሾፌር ያዛል፣ ጠጥቶ የመጣውም ያዛል። አንዱ ውሃውን በዚህ በኩል ይላል፣ አንዱ በዚያ በኩል፣ እና እኛም አንዳንዴ ሰው እንዳይቀየመን ብለን በሁለቱም በኩል እንረጫለን።

ታዲያ እኔ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ አዲስ አለቃ መጣልን፣ ዘውዱ የሚባል። ቀጭን ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። እና በመጣ በሳምንቱ ሰብስቦን ሕግ አወጣ። እሳት ቦታ ላይ የሚያዘው አንድ ሰው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ አለ። ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ስሙ ያለበትን ባጅ ለጋሽ ታደሰ፣ ለእኔ ማለት ነው፣ ሰጥቶ ይገባል፣ ሲወጣ ተቀብሎ ይሄዳል፣ የሚገባውም የሚወጣውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው አለ። እኔ እንግዲህ መኪናው አጠገብ ሰሌዳ ይዤ እቆማለሁ። ሰሌዳው ላይ ባጅ ካለ ሰውየው ውስጥ ነው ማለት ነው፣ በቃ።

ልጆቹ ቀለዱብኝ፣ ጋሼ ኮት ጠባቂ ሆኑ እንዴ እያሉ። ከሁሉም ደረጀ ይብሳል። ደረጀ ማለት፣ ልጆቼ፣ በር ሰብሮ የሚገባ፣ ሰው ተሸክሞ የሚወጣ ልጅ ነው፣ ግን «ና» ያለውን ሰው እምቢ ማለት አያውቅም። መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሸኝቶ ነው የሚመለሰው። ጥንዱ ደግሞ ሙባረክ ነበር፣ የስልጤ ልጅ፣ ቁም ነገረኛ። እና እነዚህ ሁለቱ ወንድማማች በሏቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጥጥ መጋዘን ተቃጠለ። ጥጥ መቼም ተንኮለኛ ነው፣ ከላይ ጠፋ ስትሉት ከሥር ይበላል። ደረጀና ሙባረክ ባጃቸውን ሰጡኝና ገቡ፣ ሌሎቹም ገቡ። ትንሽ ቆይቶ አለቃ ዘውዱ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ብረቱ ጎብጧል። በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ እኔም ክላክሱን ደጋግሜ አስጮህኩት፣ ሁላችሁም ውጡ ማለት ነው። እና ወጡ። እያሳሉ እየመጡ ባጃቸውን ተቀበሉኝ፣ ሙባረክም ተቀበለኝ። ሰሌዳውን ባየው አንድ ባጅ ቀርቷል።

«ደረጀስ?» አልኩት።

«ከኋላዬ ነው» አለኝና ዞር አለ። ከኋላው ጭስ ብቻ ነው ያለው።

ሙባረክ ተመልሶ ሊገባ ሲል አለቃው አንገትጌውን ያዘው። «አንድ ሰው ጠፍቶብኛል» አለው፣ «ሁለተኛ አልጨምርም። ያለ እኔ ትዕዛዝ ማንም አይገባም።»

አይ፣ የዚያን ቀን የሰማው ስድብ። ሰፈሩ በሙሉ ጨካኝ አለው፣ ፈሪ አለው። ባለሱቁ ብርድ ልብስ ነክሮ ካልገባሁ ብሎ ሦስት ሰው ነው የያዘው። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ደግሞ መጥታ ባጁ ላይ ስሙን አነበበች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እና «ደረጀዬ፣ ደረጀ አንበሳው» እያለች ጀመረችው። አይታው አታውቅም እኮ። ግን ሙሾ ስታወርድ አብራው ያደገች ነው የምትመስለው። ሌሎቹም ተቀበሏት፣ እና እሳት ቦታው ለቅሶ ቤት ሆነ።

አለቃው አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ እኔ እጅ ያለውን ባጅ ያያል። በመጨረሻ፣ ሙባረክ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ እስከ መጀመሪያው ምሰሶ ብቻ ይግባ፣ ስስበው ይመለስ አለ። ሙባረክ ባጁን መልሶ ሰጠኝ። የሦስት ልጆች አባት ነው።

አሁን ሙባረክን እዚያ በር ላይ አቁሙልኝና ከእኔ ጋር ወደ ጓሮ ኑ። ደረጀ ምን ሆኗል? ጭሱ ውስጥ ከሙባረክ ተለያይቶ ግድግዳ ግድግዳውን ሲዳብስ የኋላ በር አገኘና በርግዶ ወጣ። ዞሬ ልምጣ ብሎ ሲሄድ፣ መንገዱ መሐል የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። እና እንዴት አድርጎ በድንኳን መሐል እግዚአብሔር ያጽናችሁ ሳይል ያልፋል? አለ። ታዲያ ካለ በኋላ «ና ቁጭ በል» አሉት። ተቀመጠ። ሄልሜት አድርጎ ለቅሶ ቤት ነውር ነው ብለው ሄልሜቱንም ካፖርቱንም አስወለቁት፣ ላብ እንዳይመታው ጋቢ አለበሱት፣ ንፍሮ ዘገኑለት። የእኔን ክላክስ ሰምቶታል፣ ግን አውራ ጎዳናው ላይ ከባድ መኪና መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?

ታዲያ የቲማቲም ሻጯ ለቅሶ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። እሳቱ ሰው በላ ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነስቶ ሊያለቅስ መጣ፣ እና ከፊት ከፊት ደረቱን እየመታ የሚመጣው ደረጀ ነው። የሞተው እሳት አደጋ ሠራተኛ ነው ሲሉት ከጓደኞቹ አንዱ መስሎት ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። በጋቢ ተጠቅልሎ ሰው እየገፋ እኔ ዘንድ ደረሰና፣

«ጋሼ፣ ማንን ነው ያጣነው?» አለኝ።

እኔ ባጁን እንደያዝኩ አየሁት። ንፍሮው አሁንም እጁ ውስጥ ነው።

«አንተን» አልኩት።

ባጁን አየ፣ እኔን አየ፣ እና ትንሽ ቀጠለ ለቅሶውን። ተጀምሮ በአንዴ አይቆምማ።

እኔ ሙባረክ ትዝ ሲለኝ በሩን አልፏል። አለቃውን ስጠራው ዞር ብሎ ደረጀን አየ፣ ገመዱን በሁለት እጁ ሳበው፣ ሙባረክም በጀርባው እየተጎተተ ወጣ። እና ገና ሳይነሳ ጣሪያው ወረደ። የምሰሶው ድምፅ፣ ልጆቼ፣ እሱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያ ሁሉ የሚያዝ ሕዝብ ጸጥ አለ።

አለቃው ወደ ደረጀ መጣ።

«የት ነበርክ?»

«ለቅሶ ደርሼ።»

«የማን?»

«አላውቃቸውም» አለ ደረጀ፣ አንገቱን ደፍቶ።

የቲማቲም ሻጯ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፈታች፣ እና ያን ሁሉ እንባ ያስፈሰስከኝ አንተ ነህ ብላ ሰደበችው። ሙባረክ ግን ከመሬት ተነሳ፣ ገመዱን ከወገቡ ፈታ፣ ደረጀ ወገብ ላይ፣ ከጋቢው በላይ፣ ጥብቅ አድርጎ አሰረ፣ እና እንደ በዓል በግ በሕዝቡ መሐል እየጎተተ ወደ መኪናው ወሰደው። ደረጀም ተከተለው።

እና እኔ የምላችሁ፣ ሰው ሲወጣ «ወጥቻለሁ» ማለቱ ለራሱ አይደለም፣ እሱን ሊፈልግ ለሚገባው ነው። ይኸው ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ገመዱንስ ማን ፈታለት?» ትለኛለህ አንተ ደግሞ።

ማን ይፈታለታል? ጣቢያ ድረስ ታስሮ ነው የሄደው። ሙባረክ እንደሆነ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ደረጀ አለቃውን ለመነ፣ እባክዎ ይዘዙልኝ አለ። አለቃ ዘውዱም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ሲታሰር እኔ አላዘዝኩም» አለው፣ «ሲፈታም አላዝም።»