ያለ ሳክስፎኑ

(አዲስ አበባ፣ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ፤ የድምፅ ባለሙያው ኢዮስያስ፣ የቀድሞዋ ዘፋኝ ወይዘሮ የውብዳር ከሠላሳ ዓመት በፊት በካሴት የዘፈኑትን በማሽን ከሳክስፎኑ ለይቶ እያሰማቸው ነው።)

የውብዳር፦ ኤጭ! አጥፋው! ይሄ የእኔ ድምፅ ነው? በርሜል ውስጥ ሆኜ የምጉመጠመጥ ነው የሚመስለው!

ኢዮስያስ፦ እትዬ፣ ገና የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

የውብዳር፦ ደግሞ ከኋላ ይሰማኛል፤ ያ ሽመክት፣ በሳክስፎኑ ሲተነፍስ። ጥሎኝ ከሄደ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ማጅራቴ ላይ ይተነፍሳል? የልጅ ልጆቼ የእኔን ድምፅ ብቻ ይስሙ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!

ኢዮስያስ፦ ማሽኑ የእርስዎን ድምፅ ጉልበት ከሱ ሳክስፎን ጉልበት ለይቷል። የድምፅ ሞገዱ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደሚወድቅ ግን ከተደባለቀው ካሴት ነው የተዋሰው፤ ለዚህ ነው እሱም የሚሰማዎት።

የውብዳር፦ ተዋሰ? እኔ ከዚያ ሰው ትንፋሽ አልዋስም!

ኢዮስያስ፦ አሁን የእርስዎን ሞገድ ለብቻው አስልቶ ይመልሰዋል። ትንሽ ይታገሡኝ።

የውብዳር፦ «እኔ ባልነፋላት የውብዳር ማን ነበረች» እያለ በየቡና ቤቱ ያወራ ነበር፤ ጥንብ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያለ እሱ ልሰማ።

ኢዮስያስ፦ ይኸው፤ ያድምጡ።

የውብዳር፦ አሁን ገና! እኔው ነኝ። የሱ ሽታ እንኳ የለበትም። ቆይ፣ ቆይ! መጨረሻ ላይ ያ ሳልተነፍስ የምስበው ረጅሙ ዜማ የት ሄደ? ሰው ሁሉ የሚያደንቀኝ በሱ ነው! ማሽንህ በላው!

ኢዮስያስ፦ አልበላውም፣ እትዬ።

የውብዳር፦ በላው እንጂ! ውሸታም ቆርቆሮ!

ኢዮስያስ፦ ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት። ሌላው ሁሉ ጥርት ብሏል። እዚያ ጋ ግን ትንፋሽ ይስባሉ፤ ከዚያ ዝም ነው።

የውብዳር፦ ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምሰማው የማንን ጉሮሮ ነው?

ኢዮስያስ፦ ሳክስፎኑን ብቻውን ልክፈትልዎት?

የውብዳር፦ ክፈት፤ ጉዱን ልስማ።

ኢዮስያስ፦ ይኸው። ያቋረጡበት ጋ ሲደርስ፣ ልክ የእርስዎን ድምፅ አስመስሎ ዜማውን ተቀበለዎት።

የውብዳር፦ ያን ቀን ትኩሳት ላይ ነበርኩ። ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት ብዬ ነበር። ይሄን አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረኝ ነው የሄደው? አስጠሊታ!

ኢዮስያስ፦ ታዲያ ለልጅ ልጆችዎ የትኛውን ላስቀርልዎት?

የውብዳር፦ ቱ! መልሰህ ከሱ ጋር ቀላቅለው።