የልብስ ሰፊው የተላጠ ጉንጭ

ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ የገባሁ ዕለት ዝናቡ ድንገት ወረደ። ባይዘንብ ኖሮ እኔ ሱሪዬን ሰጥቼ እወጣ ነበር፤ የጥርስ ሐኪሟም የተቀደደ ጋዋኗን አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ዝናቡ ግን ሦስታችንን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አቆየን፤ የሰማሁትንም የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍሏ በእግር የሚዘወር የስፌት መኪና፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወትና በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያለቁ ልብሶች ይዛለች። ለደንበኛ የሚሆኑ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ ሁለቱም ከባለቤቱ ርቀው በሩ ዘንድ ተቀምጠዋል። ድሮ ከመኪናው አጠገብ ነበሩ። ሰው የሚቀመጠው ልብስ ሊያሰፋ ሳይሆን ሊጫወት ነበርና።

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ጋሽ መቀስ ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው አፋቸው ነው እንጂ እጃቸው አይደለም፤ ጉረኛን በአንድ ቃል ለሁለት የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ እንኳ ጨዋታቸው አልቀዘቀዘም። የቀዘቀዘው ዘንድሮ ነው። አፋቸውን በጨርቅ መሸፈን ጀመሩ፤ ሰላምታቸው የአንገት ብቻ ሆነ፤ ምሳቸውንም በራቸውን ዘግተው ይበላሉ። ሰው አረጁ አለ፣ ኮሩም ያለ ነበር። የጠየቃቸው ግን የለም፤ መምህር ተብዬ እኔም አልጠየቅኩም።

የጥርስ ሐኪሟ በቅርቡ ከዚሁ ሕንጻ ፎቅ ላይ ክሊኒክ የከፈተች ወጣት ናት። ጋሽ መቀስ ጋዋኗን ይዘው ክሩን በስኒ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ከመርፌው ቀዳዳ ጋር ሲታገሉ ቆማ አየቻቸው።

«አባባ፣ እኔ የማውቀው ልብስ ሰፊ ክሩን በምራቁ ነው የሚያሾለው» አለች እየሳቀች።

«የኔ ምራቅ ጡረታ ወጥቷል» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሦስታችንም ሳቅን። ስፌቱን ሲጨርሱ ግን፣ እጃቸው የለመደውን ሊያደርግ ክሩን ወደ አፋቸው ወሰደ፤ ጨርቃቸውን ገለጥ አድርገው በጥርሳቸው በጠሱት። ወዲያው ደነገጡ። ምላጭ አንሥተው የጨረሱትን ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተረትሩት ጀመር።

«ምነው አባባ? ደህና አልነበር?»

«ነካሁት።»

«ምኑን?»

«ክሩን። በአፌ ነካሁት። ሰው የሚለብሰው ነገር ነው።» ዓይናቸውን ከጋዋኑ አላነሡም። «አንቺ ደግሞ ስንት በሽተኛ የምትነኪ ልጅ ነሽ። የኔ አይጨመርብሽ።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «አፍዎ ምን ሆነ?»

ጨርቃቸውን መልሰው አጠበቁ። እኔ የምሄድበት ባገኝ በሄድኩ ነበር፤ ዝናቡ ግን የባሰበት ጊዜ ነው። «ይላጣል» አሉ። «ውስጡ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነገር በምላሴ እየተነሣ ይመጣል። ልጄ ከመውለዷ በፊት ነው የጀመረኝ።»

ሴት ልጃቸውን አውቃታለሁ። ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ትኖራለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደዋወሉ እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጋሽ መቀስ ስልክ ሲያወሩ እስከ መንገድ ይሰማ ነበርና።

«ስትወልድ ሄድኩ» አሉ። «በሩ ላይ ቆምኩ። ሕፃኗን ልታሳቅፈኝ ይዛት መጣች፤ እኔ ወደ ኋላ አልኩ። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። በሌላ ጊዜም ጉንፋን አልኳት። በሦስተኛው 'አባዬ፣ ልጄን ተጸየፍካት?' አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ? ጉንፋን ነው አልኳ።» በአፍንጫቸው ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣ። «ከዚያ ወዲህ ስልኩ ቀረ።»

ሐኪሟ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ጎትታ መኪናው ድረስ አምጥታ ተቀመጠች። ጋሽ መቀስ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ግድግዳው አገዳቸው።

«ሐኪም አይቶልዎታል?»

«ራሴ እያከምኩት ነው» አሉና ከመሳቢያቸው አንድ ጠርሙስ አወጡ። የአፍ መጉመጥመጫ ነው። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ።»

«ከውሃ ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙ ይላል እኮ ጠርሙሱ።»

«እሱ ለሕፃን ይሆናል።»

«አያቃጥልዎትም?»

«ዓይኔ እስኪያለቅስ! የማያቃጥል ነገር ምኑን መድኃኒት ሆነ? እናቴ ቁስላችን ላይ የምታደርገው ሁሉ ያቃጥል ነበር፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«የቆሙት ቢቃጠሉም ነው እንጂ ስለተቃጠሉ አይደለም፣ አባባ።»

«ኧረ! የተማርሽው ጥርስ ነው ምላስ?»

«ሁለቱንም። አንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ አብረው ይሰጣሉ።»

ሽማግሌው ከጨርቁ በታች ፈገግ እንዳሉ ጉንጫቸው ነገረኝ። ሆኖም አልተረቱም። መድኃኒት ካልመረረ፣ ካላቃጠለ፣ ካላሰቃየ አይሠራም የሚል እምነት ከብዙ ሰው ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ሥቃዩን እንደ ማስረጃ እንቆጥረዋለን። ሕመሙ በጨመረ ቁጥርም መድኃኒቱ ጠላቱን ያገኘው ይመስለናል።

«የአፍ ቆዳ የሚላጥበት ምክንያት ብዙ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሻይ በጣም ትኩስ ይጠጣሉ?»

«የቀዘቀዘ ሻይማ የእግር መታጠቢያ ነው።»

«እሺ፣ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል። በእንቅልፉ ጉንጩን የሚነክስ ሰው አለ። አረፋው የበዛ የጥርስ ሳሙና የማይስማማው አለ። አፉ የሚደርቅበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ የሚፈገፍገው፣ ፈንገስ የሚወጣበትም አለ። ምግቡ ስለጎደለ የሚላጥም አለ። እርስዎ ምን እየበሉ ነው የከረሙት?»

«ዳቦ በሻይ።»

«በቃ?»

«ለአንድ ሰው ማን ያበስላል?»

«ሰውነት በገዛ ቆዳው ላይ ሲነሣ የሚመጣ ሕመምም አለ፤ እሱ ረጅም ሕክምና ይፈልጋል።»

«ክፉውስ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስሙ የማይጠራው?»

«ካንሰርም አለ፤ አልዋሽዎትም። ለዚህ ነው ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ሁሉ ሐኪም ማየት ያለበት። እርስዎ ግን ከዚህ ሁሉ መሐል ሳያስመረምሩ ክፉውን መረጡ። በዚያ ላይ ሰው ላይ እንደሚጋባ ቆጠሩት።»

«ካልተጋባ ታዲያ ምን ሊሆን ነው? እየተላጠ? እኔ አያት ነኝ። ሕፃን ታቅፎ ጉንጯን ሳይስም የሚመልስ አያት አይተሻል? ራሴን አላምነውም። ስለዚህ አልሄድኩም።»

«በየትኛው ወገን ነው የሚላጠው?»

«በሁሉም።»

«አይተውታል?»

«ይሰማኛል።»

«አይተውታል ወይ ነው ያልኩት።»

አላዩትም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቁመት በሚያሳይ መስታወት ፊት እየዋሉ፣ የሌላውን ሰው ትከሻና ወገብ በስፒል እያስተካከሉ፣ የራሳቸውን አፍ አንድ ቀን ከፍተው አላዩም። ፈርተው ነው። ሐኪሟ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ መስታወቱ ጠራቻቸው። ጨርቁን ከማውረዳቸው በፊት ወደ እኔ ዞር አሉ፤ እኔም ፊቴን ወደ ዝናቡ መለስኩ። የቀረውን በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት።

«ግራ ጉንጭዎ ምን ይመስላል?»

«ቀላ ብሏል። ሌላ… ብዙም የለውም።»

«ቀኙስ?»

ወደ መስታወቱ ሲጠጉ ጫማቸው ተሰማኝ። «ነጭ ነው። ከድዱ ጋር፣ ከታች። ጫፉ ተነሥቷል። ዙሪያው ደህና ነው።»

«እዚያ ቦታ ላይ ምን ያስቀምጣሉ?»

«ምንም! አፍ ኪስ ነው እንዴ?» ከዚያ ግን፣ «…ክኒን» አሉ።

«የምን ክኒን?»

«አስፕሪን። መንጋጋዬን ያመኛል። ሲጠዘጥዘኝ ከጥርሱ ሥር አጣብቄው እተኛለሁ። የሚያመኝ ጥርሴ ሆኖ ክኒኑን ለሆዴ የምሰጠው ለምንድን ነው?»

«ክኒኑ የሚሠራው ተውጦ ደም ውስጥ ሲገባ ነው። ድድ ላይ ሲቀመጥ ቆዳውን ያቃጥለዋል። የተቃጠለው ይነጣል፤ ከዚያ ይላጣል። ሲላጥ እርስዎ ደንግጠው ውሃ ያልነካውን መጉመጥመጫ ያፈሱበታል። እሱም በተራው ያቃጥላል።»

«እና አቃጣዩ እኔ ነኝ?»

«እንደዚያ ይመስለኛል። እርግጠኛ የምሆነው ግን ነገ ክሊኒክ መጥተው በደንብ ሳየው፣ ሁለቱንም ትተውም ሲድን ነው። ካልዳነ ናሙና ወስደን እናስመረምራለን። በግምት አንሄድም።»

ጋሽ መቀስ ተቆጡ። የተቆጡት ስለተሳሳቱ አልመሰለኝም፤ ነገሩ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ከበዳቸው። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ! ጋዋንሽን እንኳ ሳይቀደድ መያዝ አልቻልሽም። እኔ ይህን አፍ ስድሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ!»

«እውነት ነው፤ ሥራዎን ደግሞ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ሐር ቢያርብዎ፣ እንዲስተካከል ብለው የባሰ የጋለ ካውያ ይጨምሩበታል?»

«አብጃለሁ እንዴ!»

ያሉትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ። ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁና ዞርኩ። ጨርቁ ከፊታቸው ወርዷል። ፊታቸውን ሙሉውን ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ከስቷል።

«የሚጋባ ካልሆነ» አሉ በቀስታ፣ «እኔ ታዲያ ምን ስሠራ ነው የከረምኩት?»

ሐኪሟ የስልኳን መብራት አጠፋች። እኔ መናገር የሌለብኝን ተናገርኩ። «ልጅዎን ሲጠብቁ ነው የከረሙት፣ ጋሼ። ክፉ ነገር እንዳያገኛት።»

«አላወቀችማ፣ መምህር» አሉኝ። «እሷ አላወቀችም።»

ከዚያ ዕለት የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሰው ለሚወደው ሲል ይርቃል፤ የሚርቅበትን ምክንያት ግን ይደብቃል። የተራቀው ሰው ደግሞ የሚያየው የተዘጋ በርና የዞረ ፊት ነው፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለውም።

«ዛሬ ይደውሉላት» አለች ሐኪሟ።

«ልዳንና።»

«ከዳኑ በኋላማ የሚነግሯት ምን ይቀራል? የተቀየመችው አፍዎ ስለታመመ አይደለም።»

«ምን ልበላት? ጉንጬ ተላጠ ብዬ ቀረሁ ልበላት? ትስቅብኛለች።»

«ትሳቅ! መሳቋ ከፋ?»

ስልካቸውን አነሡ። ቁጥሩን ፈልገው አልነካኩም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። ጠራ፤ ጠራ፤ ቆመ። «ሥራ ላይ ትሆናለች» አሉ ማንንም ሳያዩ። የጋዋኑን ክር በምላጭ በጥሰው መስፋት ቀጠሉ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሁለታችንም ግን ስፌቱ እስኪያልቅ ተቀመጥን።

በማግሥቱ ክሊኒኩ ሄዱ። መንጋጋ ጥርሳቸው ተሰንጥቆ ሥሩ መግል ይዞ ስለተገኘ ተነቀለ። ክኒኑን አፋቸው ውስጥ ማስቀመጥ አቆሙ፤ ጠርሙሱን ጣሉ። አረፋው ባነሰ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ያጸዳሉ፤ ሻያቸውን እያጉረመረሙም ቢሆን አብርደው ይጠጣሉ። ክርም በመቀስ ነው የሚቆርጡት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነጩ ቆዳ ጠፋ፤ ሐኪሟም ዳግመኛ አይታ ናሙና መውሰድ እንደማያስፈልግ ነገረቻቸው። አሁን የዳቦውን ቅርፊት ያኝካሉ፤ ጥርስ ሳያስነቃቸው ያድራሉ። አንድ ደንበኛ ስለ አዲስ ጫማው ሲጎርር «ጫማውስ ደህና ነው፤ የሚሄድበት ነው የጠፋው» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልጃቸው በዚያው በዝናቡ ዕለት አመሻሽ ላይ መልሳ ደውላ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሲነግሯት አልሳቀችም። «አባዬ፣ በዚህ ነው?» አለች አሉኝ፤ ከዚያም እንደ ልጅ አድርጋ ተቆጣቻቸው። ቁጣዋን ሲነግሩኝ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው ነበሩ።

አንባቢዬም አፉ ቢላጥበት፣ ሻዩ፣ ሳሙናው፣ መጉመጥመጫው፣ ክኒኑ የት ቦታ እንደሚነካው በመስታወት ይይ። ጥፋተኛው ከነዚህ አንዱ ከሆነ መተው ብቻ ይበቃዋል። ካልሻረ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ክፉ ሕመም ቢሆን እንኳ ቀድሞ የታወቀ ይሻላል። የሚወዱትን ሰዎች ግን ውጤቱን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይንገራቸው። ቆዳ ቶሎ ይተካል፤ በሰው መካከል የጠፋ ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም።

ይህን የምለው በኋላ ከሰማሁት ተነሥቼ ነው። ጋሽ መቀስ ልጃቸው ቤት ሄደው ሕፃኗን ሲታቀፉ አላወቀቻቸውም። ሁሉን ሰው ለይታ የምታውቅበት ዕድሜ ደርሳለች፤ እሳቸው ከምታውቃቸው ፊቶች ውስጥ አልነበሩም። ጮኸች፤ ለእናቷ መለሷት። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይሄዳሉ፤ ራቅ ብለው ይቀመጡና እስክትለምዳቸው ይጠብቃሉ።

ባለፈው ሰኞ ሳልፍ ከመኪናቸው ቀና አሉ።

«ትናንትስ እንዴት ነበረች?» አልኳቸው።

«አለቀሰች» አሉ። እግራቸውን ከመኪናው አንሥተው ደግሞ፣ «ግን እያየችኝ ነው ያለቀሰችው፣ መምህር። በፊት ፊቷን አዙራ ነበር።»