የማኅበሩ ማስረጃ

ባለቤቴ በሞቱ በወሩ፣ በሥራ አስኪያጅነት ይመሩት የነበረው የቡና ነጋዴዎች ማኅበር በሕግ የጸና ስለመሆኑ ማስረጃ ካልመጣ ገዢው ከዲጋ የሰበሰብነውን ቡና አልረከብም አለ። ነቀምቴ፣ ማኅበሩን ወደ መዘገበው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው የእድራችን ሰው ነው።

«ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ይቅረቡ፣ አዴ» አለኝ።

«ቃሬዛቸውን የተሸከምከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«የተሸከምኩት እንደ እድርተኛ ነው። እዚህ ያለሁት እንደ መንግሥት ነው፤ ለመንግሥት ደግሞ መሞታቸውን የነገረው የለም።»

«እኔ ልንገረዋ!»

«ከነገሩትማ ሌላ እስኪሾም ማኅበሩ ይታገዳል፤ ቡናውም ይበላሻል። ዝም ካሉ ግን አሟቸው ቀሩ ብዬ እጽፋለሁ።»

ዝም አልኩ። ጽፎ ማኅተም መታበትና ብድግ ብሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ምሕረቱን ያምጣላቸው» አለ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው።

«አሜን» አልኩና፣ ቤቷ የታመመ ባል እንደሚጠብቃት ሴት እየተጣደፍኩ ሄድኩ።