እርጥብ እንጨትና ጫጩት

አናጢው ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነለትም። ይነሣና ሰማዩን ያያል፤ ይቀመጥና መዶሻውን ያነሣል፤ መልሶ ይጥለዋል። ጓዳው ውስጥ በካርቶን የታጎሩ ሃያ አራት ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ዓምና ያወጣቸውን ጫጩቶች ጭልፊት በሦስት ቀን ለቅሞ ጨርሶበታል። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው የአባቱን ስም ትቶ «የጭልፊት ቀላቢ» ይለዋል። ቅጽል ስም ላወጣው ሰው ጨዋታ ነው፤ ለሚሸከመው ግን ጭነት ነው። ዘንድሮም እነዚህ ካለቁ ስሙ እስከ መቃብሩ እንደሚከተለው አናጢው አሳምሮ ያውቃል።

ስለዚህ ጎኑንም ክዳኑንም በቆርቆሮ የለበጠ ሣጥን ሠራ። አንዲት ክንድ የምታስገባ በር ብቻ አበጀለትና እሷንም በቁልፍ ዘጋት። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ስድስቱን አስገባ፤ አናት ላይ ስትደርስ የቀሩትን ሊያመጣ ዘወር ሲል፣ ከአጥሩ በር አንዲት ጃንጥላ የያዘች ወጣት ቆማ አየ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

አናጢው ፊቱን አጨማደደ። ልጅቱ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ናት፤ ለእሱ ግን የቀድሞው አለቃው ልጅ ናት። ከሃያ ዓመት በፊት አባቷ በእንጨት ሥራ ቤቱ፣ ሠራተኛው በተሰበሰበበት፣ አናጢው የሠራውን የተጣመመ በር አስቁሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎበታል። ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም።

«ይመስገን። መንገድሽን ቀጥዪ ልጄ፣ ፀሐዩ እንዳይመታሽ።»

«እኔስ ጃንጥላ ይዣለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ናቸው የሌላቸው።»

«ይኼ ሣጥን ጭልፊት ቀርቶ ጥይት አይበሳውም!»

«እውነት ነው፣ ጭልፊት አይገባም። ግን አየርም አይገባም ጋሼ።»

«አባትሽም እንከን ለማግኘት ዓይኑ ፈጣን ነበር።»

«አባቴን ይተዉትና እስቲ እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ። እኔ ዝም እላለሁ፤ እጅዎ ይናገር።»

አናጢው በእልህ በሯን ከፍቶ ክንዱን አስገባ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ እሳት እንደነካው ሰው እጁን መንጭቆ አወጣና ክዳኑን ገነጠለው። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ። አንዷ በጎኗ ተጋድማለች።

«ወይኔ! አለቁብኝ! በገዛ እጄ!»

የተማረ ሰው ሲመክር ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ ሆኖ ነው፤ ይህች ግን ቀሚሷ አቧራ እስኪጠጣ ተንበረከከች። ጫጩቶቹን በሻርፗ አቅፋ ከጣሪያው ጥላ ሥር አወረደቻቸው፤ ዝቅ ባለ ሳህን ለብ ያለ ውሃ አስመጣች፤ እንዳይሰምጡ ጠጠር በተነችበት። የተጋደመችውን ጫጩት ምንቃር ቀስ ብላ ውሃ አስነካችው።

አናጢው ወዲያ ወዲህ ይላል። «ትድናለች? ለምን አትነሣም? ታዲያ ምን ላድርግ? ጓዳ አላኖራቸው፣ ሚስቴ ‹ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ› ብላለች።»

«ማን እንደሚወጣ ገና አልወሰኑም?»

«አትቀልጂብኝ! ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ልትዪኝ ነው፣ አውቄያለሁ።»

«እንቁላሉማ በእግሩ ሄዷል ጋሼ፤ እኛ ነን የምናስቸኩለው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ የእርስዎ ሙያ ነው። እርጥብ እንጨት እንዲደርቅልዎ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል?»

«ምን ነካሽ! ይሰነጠቃላ! ይጣመማል! ጥላ ውስጥ ይደረደራል፣ በየመሐሉ አየር ይተውለታል፣ ቀስ እያለ ይደርቃል። የቸኮለ አናጢ እኮ...»

ልጅቱ ስለዚያ የተጣመመ በር የምታውቀው ነገር የለም፤ እሱ ግን እንደ አዲስ አየው፦ ጥድፊያውን፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዘውን ገና ያልደረቀ ጣውላ።

«ጫጩትም እንደዚያው ነው» አለች እሷ። «ላባ ያላወጣ አይውጣ። የእርስዎ ጫጩቶች አውጥተዋል፤ እሱ ጥሩ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጧት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይውጡ፣ በማግሥቱ ትንሽ ይጨምሩላቸው። ቀትር ላይ ይግቡ፤ ሲመሽም ይግቡ። ሣጥኑን በቆርቆሮ ሳይሆን በሽቦ ወንፊት ይልበጡት፤ ግማሹን ጆንያ ያልብሱት፣ የሞቀው ወደ ጥላው ይሂድ። አፋቸውን ከከፈቱ ሙቀት በዝቷል ማለት ነው።»

የአናጢው ዓይን ከተጋደመችው ጫጩት ላይ ነበር። እሷም አንዴ ተንፈራገጠች፣ አንገቷን አነሣች፣ ሳህኑ ውስጥ ገብታ ቆመችና ጠጣች። ያን ጊዜ ጒጠቱን አንሥቶ ቆርቆሮውን መንቀል ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ ስታልፍ፣ ሃያ አራቱም ወንፊቱ ውስጥ አፈር ይጭራሉ። ከላይ ጭልፊት ይዞራል፤ ይወርድና ሽቦውን አይቶ ይመለሳል። አስተዋይ አንባቢ ጥቅሙን ይቁጠረው፦ ጓዳው ንጹሕ ሆነ፤ ሚስቲቱም አልወጣችም፤ ጫጩቶቹ ጠነከሩ፤ የሰፈሩ ሰዎችም ያን ቅጽል ትተው «እስቲ ለእኛም ሥራልን» እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። ይህ ሁሉ የሆነው የሚያውቅ ሰው ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ የማያውቀው ክንዱን ለማስገባት ስለደፈረም ነው።

«ልጄ» አላት አናጢው፣ ዓይኑን ከሰማዩ ሳያወርድ። «ለአባትሽ ንገሪልኝ። ያ በር... እንጨቱ እርጥብ ነበር በዪው።»

«የትኛው በር?»

«እሱ ያውቀዋል።» መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ቢሆንም ሰው ፊት መናገር አልነበረበትም። ይኼንንም ጨምሪበት።»