ጋሽ ደቂቃ ቤት ሲቀይሩ

ሰው በአንድ ነገር ሲመሰገን ከኖረ ምስጋናው እንደ ጠባብ ጫማ ይሆንበታል፤ ቢያመውም አያወልቀውም። በውሃ መሥሪያ ቤቱ የፊርማ መዝገብ የሚይዙት ሽማግሌ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ሥራ የሚገባው በሁለት ሰዓት ነው። እሳቸው ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መዝገቡን ዘርግተው፣ እስክሪብቶውን በክር አስረው ይጠብቃሉ። ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ የደረሰ ሰው፣ አለቃም ይሁን ተላላኪ፣ ስሙ ላይ ቀይ ይሰመርበታል። ሠራተኛው ጋሽ ደቂቃ የሚላቸው በዚህ ነው። ስሙን ሲሰሙ እንዳልሰማ ሰው ያልፋሉ እንጂ በልባቸው ይወዱታል።

ለሚያረፍድ ሁሉ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፦ "ከመሥሪያ ቤትህ አጠገብ ኑር!" እሳቸው ራሳቸው ከቢሮው በስድስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ከአንድ በያጅ ቤት አናት ባለች ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ይህች ቤት ለጋሽ ደቂቃ ኩራት ናት፤ ለባለቤታቸው ግን መተንፈሻ አሳጥታቸዋለች። ከሥር የብየዳው፣ ከፊት ለፊት የመኪናው ጭስ ይገባል። መስኮቱ ዳር ዳሩን በፕላስተር ከታሸገ ዓመት አልፎታል። ሴትዮዋ ሦስት ትራስ ተደግፈው፣ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ሐኪሙ "መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ አየር ይቀይሩ" ካለ ስምንት ወር ሆነው። ጋሽ ደቂቃ በስምንቱ ወር ውስጥ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ቀየሩ፤ አየሩን ግን እንዳለ ተዉት።

አንድ ቅዳሜ ሽሮፕ ሊገዙ መድኃኒት ቤት ሲገቡ ከመሥሪያ ቤታቸው ኢንጂነር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ይህች ልጅ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ትፈርማለች። ስለዚህ ጋሽ ደቂቃ "ከእሷ ተማሩ! ከቢሮው አጥር ሥር ብትኖር ነው እኮ!" እያሉ ለሰው ሁሉ ምሳሌ ያደርጓታል። የት እንደምትኖር ግን ጠይቀዋት አያውቁም።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ! ማን ታሞ ነው?"

"ሴትዮዋ ናት ልጄ፤ ያው ደረቷ ነው። አንቺስ ጣትሽን ምን ሆንሽ?"

"የአትክልት መቀስ ቆርጦኝ ነው፤ ጽጌረዳ ስከረክም።"

"እዚህ ሰፈር ደግሞ የምን ጽጌረዳ?"

"እዚህ መቼ ሆነና! ዛሬ ለገበያ መጥቼ ነው እንጂ እኔ እኮ የምኖረው በባቡር ሰባተኛው ጣቢያ ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ያ ዛፍ የበዛበት ሰፈር።"

ጋሽ ደቂቃ የሽሮፑን ጠርሙስ ሊለቁት ምንም አልቀራቸው። "ሰባተኛው ጣቢያ! እሱ ሌላ አገር አይደለም እንዴ? በየቀኑ ፓስፖርት ይዘሽ ነው የምትመጪው?"

ልጅቱ ሳቀች። "ከቤቴ በር እስከ መዝገብዎ ሠላሳ አራት ደቂቃ ነው ጋሼ። ስምንቱ በእግር፣ የቀረው በባቡር፣ ያውም ተቀምጬ።"

ነገሩ ቆመው የሚጨርሱት አልሆነም። ከመድኃኒት ቤቱ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ስሚኝ ልጄ፣ ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይባላል" አሉ ጋሽ ደቂቃ። "ባቡር ብረት ነው፤ ብረት ይበላሻል። ያኔ ምን ትሆኛለሽ?"

"ባቡሩ እንደማይጠብቀኝ ስለማውቅ አንዱን ቀድሜ እሳፈራለሁ፤ ቢቀር የሚቀጥለው አለ። በሁለት ዓመት ሁለቴ ተበላሽቶ በአውቶቡስ ደርሻለሁ። ጋሼ፣ የሚያረፍደው ሩቅ ያለው አይደለም። ቅርብ ያለው ነው 'እዚሁ እኮ ነው' እያለ የሚዘናጋው።"

"ይሁን። ጎረቤትስ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሴትዮዋ ብትታመምብኝ በዚያ ጫካ ውስጥ ማን ይደርስላታል?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁንስ ሲያማቸው ማን ነው የሚደርሰው?"

ጋሽ ደቂቃ ጎረቤቶቻቸውን በልባቸው ቆጠሩ። በያጁ በማሽኑ ጩኸት የገዛ ስሙን እንኳ አይሰማም። ከላይ ያሉት ተከራዮች በየሦስት ወሩ ይለዋወጣሉ፤ የአሁኖቹን መልካቸውን ለይተው አያውቁትም።

"እኛ ጋ ሰው በአጥር ላይ ነው የሚያወራው" አለች ኢንጂነሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንድ ቀን ካልታየሁ በር ይንኳኳብኛል፤ አንዳንዴማ እስኪሰለቸኝ። ጤና ጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ኪራዩም ከዚህኛው አይበልጥም።"

"ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!"

"እንግዲያው እኔን አይመኑኝ፤ መዝገብዎን ይጠይቁት። ቀይ የተሰመረባቸው ሰዎች የት የት እንደሚኖሩ ይዩ።"

ሰኞ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ፈርሞ ሲያልቅ፣ ጋሽ ደቂቃ መዝገቡን ወደ ኋላ ይገልጡ ጀመር። ቀይ የበዛበት የመዝገብ ቤቱ ጎልማሳ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚኖረው፤ ሁልጊዜ ዳቦውን እያኘከ ሮጦ ይገባል። ሁለተኛዋ ገንዘብ ያዧ ናት፤ ከቢሮው በስተጀርባ ትኖራለች። ከባቡሩ መጨረሻ የምትመጣው የጽዳት ሠራተኛ ግን በስድስት ዓመት አንድም ቀይ የለባትም። መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አዩ። የገዛ እጃቸው ጽሕፈት መሰከረባቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰዓቱን ሲያነቡ ኖረዋል እንጂ ሰዎቹን አንብበዋቸው አያውቁም ነበር። ልማድን ከእውነት ጋር የሚያምታታ ሰው እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ስንቶቻችን በመዳፋችን ያለውን ማስረጃ ሳንገልጠው እንኖራለን።

ማታ ለባለቤታቸው ነገሩን እንደ ቀልድ አጫወቷቸው። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም።

"አንተ የምትፈራው አንዲት ቀይ መስመር ነው" አሉ፣ በየመሐሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "እኔ በየማታው የምፈራው ነገን እንዳላየው ነው። ክብሩን አልነካበትም ብዬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።"

ጋሽ ደቂቃ አንገታቸውን ደፉ። አፈሩ፤ ከዕፍረቱም ይልቅ ፍርሃቱ በረታባቸው። ስምንት ወር ሙሉ ከሞት ጋር እየተሽቀዳደሙ እንደኖሩ ገባቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢንጂነሯ ከጣቢያው ተቀበለቻቸውና ሊከራይ ወደተዘጋጀ ቤት ወሰደቻቸው። ጋሽ ደቂቃ ከቢሮው ደጅ ጀምሮ ደቂቃ እየቆጠሩ፣ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው በመዳፋቸው ይዘዋል። "ሠላሳ ሦስት!" አሉ ቅር እንዳላቸው ሰው፤ አንዲት ደቂቃ እንኳ ልጅቱን የሚረቱባት አልተገኘችም። መንገዱ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ጥላው እግር በእግር ይከተላል። ባለቤታቸው መሐል ላይ ቆም ሲሉ ጋሽ ደቂቃ ደንግጠው ክንዳቸውን ያዙ።

"ደከመሽ?"

"ኧረ ምንም አልደከመኝ፤ አበባውን ልየው ብዬ ነው።"

ቤቱ ውስጥ ገብተው ባለቤታቸው መስኮቱን በአንድ እጃቸው ገፋ ቢያደርጉት ወለል ብሎ ተከፈተ። ሴትዮዋ እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመው ቀሩ። ጋሽ ደቂቃም በሩን ወደከፈተላቸው አከራይ ዞረው "መቼ እንግባ?" አሉ።

አዲስ አማኝ ከሰባኪው ይብሳል። ሰኞ የመዝገብ ቤቱ ጎልማሳ አራት ደቂቃ አርፍዶ ሲደርስ ጋሽ ደቂቃ ቀዩን ካሰመሩበት በኋላ ያዙት።

"ስማኝ፣ ቤት ስትመርጥ ለቢሮ ምን ያህል ይቀርባል ብለህ ብቻ አትምረጥ። ለሥራህ የሚሆን ጤና የምታገኘው ቤትህ ነው። የሚከፈት መስኮት፣ የምትራመድበት ጥላ፣ በርህን የሚያንኳኳ ጎረቤት ያለበትን ፈልግ። ከዚያ ባቡሩን ቁጠር፤ አርባ ደቂቃ ካላለፈ ግባ። ካለፈ ግን ይቅርብህ፤ ቀንህን መንገድ ይበላዋል። በባቡሩ ውስጥም ጋዜጣህን ታነባለህ፣ ቢሮ ስትደርስ ነቅተህ ትደርሳለህ። በሰፈሩም ሕፃናት መኪና ሳይፈሩ ይጫወታሉ።"

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ከቢሮ አጠገብ ኑሩ ሲሉን አልነበር?"

"ባለፈው ሳምንት አላውቅም ነበር።"

ወሩ ሲገባ ዕቃቸውን ጫኑ። በገቡ ማግስት ጋሽ ደቂቃ በድንጋጤ ብድግ አሉ። የቀሰቀሳቸው ጸጥታው ነው። ሁልጊዜ የሚያነቃቸው የበያጁ የብረት መፍጫ ጩኸት ነበር፤ እሱ ቢቀር፣ ቁጭ ብለው ያደሩት ሚስታቸው "ተነሣ፣ ነግቷል" ይሏቸው ነበር። ዛሬ ማንም አልጠራቸውም። ዘወር ሲሉ ትራሶቹ ወድቀዋል፤ ሴትዮዋ በጎናቸው ተኝተዋል፣ አይንቀሳቀሱም። ጋሽ ደቂቃ ልባቸው ቀጥ አለ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ትንፋሹ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሳል የለ፣ ሲር ሲር የለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሰዓቱን ማየት እንኳ የታሰባቸው ቆይተው ነው፤ ገና አሥራ አንድ ተኩል ነበር።

ልክ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ኢንጂነሯ መዝገቡ ፊት ቆመች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?"

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰላምታ የሚመልሱት "ደህና፣ ፈርሚ" ወይም "ደህና፣ ፈርም" ብቻ ነበር። ዛሬ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ተኝታ አደረች" አሉ፤ እየሳቁ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "ስወጣም እንደተኛች ናት። እንዳልቀሰቅሳት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት።"